ስለ ጨርቅና ስለ ውኃ፤ ከቅጠልና ከዓሣ የተገኘ ትምህርት
ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ስለ ጨርቅና ስለ ውኃ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ጨርቅ የማይለብስ፣ ውኃ የማይጠጣ ሰው የለምና። ነገር ግን ሰው ዘወትር የሚያየውን ነገር ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። እኔም እስከ ጎልማሳነቴ ድረስ ሳላውቃቸው ከኖርኋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ስለ ሆነ፣ በተማርሁበት መንገድ ተራ በተራ ልነግራችሁ እወዳለሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። አኮፋዳዬን አንግቼ፣ ደበሎዬን ለብሼ፣ ዜማና ቅኔ ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር ስዞር ያደግሁ ነኝ። ጉባኤ ቤታችን ከወንዝ ዳር ነበረና የምንቀዳው ከዚያው ነበር። የኔታም አልቅት እንዳንውጥ ስለሚፈሩ «ልጆች፣ ሳታጠልሉ እንዳትጠጡ» እያሉ ዘወትር ይመክሩን ነበር። እኛም የአንዱን ታላቅ ተማሪ ነጠላ በቅሉ አፍ ላይ ዘርግተን እናጠልል ነበር። አልቅቱና ገለባው ከነጠላው ላይ ሲቀር አይተን ውኃው ነጻ ሆነ ብለን ደስ ይለን ነበር።

በአንድ ክረምት ወንዙ ደፍርሶ ሳለ፣ በአንዲት ጎጆ አብሮኝ ያድር የነበረ ጓደኛዬ ተቅማጥና ትውከት ያዘው፤ በሦስተኛው ቀንም ዐረፈ። በቅኔው ሁላችንንም የሚበልጥ ልጅ ነበር። እኛም በለቅሶው ቦታ «ውኃውንስ አጥልለን ነው የጠጣነው» ተባብለን ምክንያቱን በሌላ ነገር ላይ ጣልነው። በጊዜው መርምሮ የነገረን ሐኪም ስላልነበረ፣ የገደለው ያ ውኃ ነው ብዬ ዛሬ አልምልም። ነገር ግን ነጠላው አልቅቱን ይይዝ እንደ ነበረ እንጂ የበሽታውን ዘር ሊይዝ እንደማይችል ከብዙ ዘመን በኋላ በመጽሐፍ ባነበብሁ ጊዜ፣ የቀደመው ሐዘኔ እንደ አዲስ ታደሰብኝ። ስለ ጨርቅና ስለ ውኃ መመርመር የጀመርሁትም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሣ። የጨርቅ የመጀመሪያ ሥራው ወንፊትነት ነው። ድርና ማግ ሲጋጠሙ በመካከላቸው ቀዳዳ ይቀራል፤ ከቀዳዳው የሚበልጠው ነገር ከላይ ይቀራል፤ የሚያንሰው ያልፋል። ይህን ለመለካት ሊቃውንት ማይክሮን በሚባል መለኪያ ይጠቀማሉ፤ ይኸውም አንድ ሚሊሜትር በ1000 ሲከፈል አንዱ ክፍል ማለት ነው። የኮሌራ ዘር ርዝመቱ ከ1 እስከ 3 ማይክሮን ያህል ነው። አሮጌ የጥጥ ጨርቅ አራት ጊዜ ቢታጠፍ ግን ቀዳዳው የሚጠበው ወደ 20 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ዘር ብቻውን በውኃ ውስጥ ሲዋኝ፣ በሬ በሰፊ በር እንደሚያልፍ ያልፋል።

ይህን ሰምታችሁ ጨርቅ ከንቱ ነው እንዳትሉ ሁለት ታሪክ ልጨምርላችሁ። ሪታ ኮልዌል የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ፣ የኮሌራ ዘር ብዙ ጊዜ በውኃ ውስጥ በሚኖሩ በዓይን ለማየት በሚያስቸግሩ ትንንሽ ነፍሳት ላይ ተጣብቆ እንደሚኖር አወቁ። ነፍሳቱም ከ20 ማይክሮን ይበልጣሉ። ስለዚህ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በባንግላዴሽ አገር በ65 መንደሮች ጥናት ሲያደርጉ፣ ሴቶቹ ሳሪ የሚባለውን አሮጌ ልብሳቸውን ቢያንስ አራት ጊዜ አጥፈው በእንስራቸው አፍ ላይ እየዘረጉ እንዲቀዱ አስተማሩ። አሮጌው ከአዲሱ ይልቅ የተመረጠበት ምክንያት፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ ክር ተበጥሮ ቀዳዳውን ስለሚያጠብ ነው። በ2003 በታተመው የጥናቱ ውጤት፣ በዚህ መንገድ ባጠለሉት ዘንድ የኮሌራ በሽታ ከመቶ 48 ያህል ቀነሰ።

ሁለተኛው ታሪክ አገራችንንም የሚነካ ነው። የጊኒ ትል የሚባለው በሽታ በጋምቤላ ያሉ ወገኖቻችንን ሲያስጨንቅ ኖሯል። የትሉ እጭ የውኃ ቁንጫ በምትመስል ነፍሳት ውስጥ ገብቶ ይኖራል፤ ሰው ያንን ውኃ ሲጠጣ በሰውነቱ ውስጥ ያድግና ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ እስከ 1 ሜትር የሚደርስ ትል ሆኖ በእግር ቆዳ በኩል በብዙ ሥቃይ ይወጣል። በሽታውን የሚፈውስ መድኃኒትም፣ የሚከላከል ክትባትም የለም። ሰዎች ግን ነፍሳቱን የሚያስቀር ረቂቅ የናይለን ጨርቅ እየተሰጣቸው እንዲያጠልሉ፣ የታመመውም ሰው ወደ ኩሬ እንዳይገባ ተማሩ። በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ ትል ይያዝ ነበር፤ በ2024 የተያዙት ሰዎች 15 ብቻ ሆነው ተቈጠሩ። እንግዲህ ጨርቅ ጠላቱን ለይተው ሲያሰማሩት እንዴት ያለ ወታደር እንደ ሆነ አስተውሉ።

ነገር ግን ወንፊትነት የማይረታው ጠላት አለ። በምሠራበት አካባቢ ከምንጭ በላይ የቆመ አንድ የናፍጣ ወፍጮ ነበር። ባለቤቱ የተቃጠለውን ዘይት ከጓሮው ይደፋው ነበር። ክረምት ሲገባም ጎርፉ እያጠበ ወደ ምንጩ አወረደው። በውኃው ፊት ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ ስስ ነገር ተዘረጋ። እናቶች እንደ ልማዳቸው በነጠላ ሊያጠልሉት ሞከሩ፤ ዘይቱ ግን ነጠላውን አቆሸሸው እንጂ ከውኃው ጋራ አብሮ ዐለፈ። እኔም የአቤቱታ ደብዳቤ ጽፌ ለሚመለከተው ክፍል ብሰጥ፣ «ውኃው ጠርቶ ይታያልና የሚያሠጋ ነገር የለም» የሚል መልስ መጣልኝ። ደብዳቤ መጻፍ ሥራዬ ነውና ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ጻፍሁ፤ መልሱም ሦስት ጊዜ ያው ሆነ። «ጠርቶ ይታያል» የሚለው ቃል በልጅነቴ የሰማሁት ያው የለቅሶው ቦታ ቃል ነበር።

የታጠበና የነጣ ጥጥ ውኃንም ዘይትንም ስለሚጠጣ ሁለቱን ለይቶ ሊፈርድ አይችልም። ታዲያ አንዱን አስገብቶ ሌላውን የሚመልስ ጨርቅ ሊገኝ ይችላል ወይ? ይቻላል። ጥበቡም የተገኘው ከጓሮ ነው።

ማልዶ ወደ ጎመን መደቡ የወረደ ሰው፣ የጤዛው ጠብታ በጎመኑ ቅጠል ላይ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ቆሞ ያያል። ቅጠሉን ቢነካው ጠብታው ምንም ሳያርሰው ወርዶ ይፈሳል። ጎደሬ በሚተከልበት አገር ያላችሁም በጎደሬ ቅጠል ላይ ይህንኑ ታያላችሁ። በእስያ ኩሬዎች የሚበቅለው ሎተስ የተባለ ተክልም ከጭቃ ውስጥ ወጥቶ ቅጠሉ ሁልጊዜ ንጹሕ በመሆኑ በዚያ አገር ሕዝብ ዘንድ የንጽሕና ምሳሌ ሆኖ ይኖራል።

የዚህን ምክንያት በማስረዳት ስማቸው የታወቀው ቪልሄልም ባርትሎት የተባሉት በጀርመን አገር የቦን ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ናቸው። እሳቸው ቅጠሎችን በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ ለስላሳ የሆነው ቅጠል ከመታየቱ በፊት አቧራው መጠረግ ሲኖርበት፣ ሸካራ የሆነው ግን ሳይጠረግ ንጹሕ ሆኖ ማግኘታቸው አስገረማቸው። ሰው ለስላሳው ይጸዳል፣ ሸካራው ይቆሽሻል ብሎ ያስባልና። ከባልደረባቸው ከክሪስቶፍ ናይንሁይስ ጋራ በ1997 ያሳተሙት ጽሑፍ ነገሩን ገለጠው። የሎተስ ቅጠል ፊት በዓይን በማይታዩ ጉብታዎች የተሞላ ነው፤ ጉብታዎቹም በላያቸው ደግሞ ረቂቅ የሰም ፍሬ ለብሰዋል። የውኃው ጠብታ በጉብታዎቹ ጫፍ ላይ ብቻ ይቆማል፤ ከበታቹ አየር አለ። ስለዚህ ጠብታው ሳይዘረጋ ክብ ሆኖ ይቀራል፤ ጎኑ ከቅጠሉ ጋራ የሚሠራው ማዕዘንም ከ150 ዲግሪ ይበልጣል። ሲንከባለልም አቧራውን ለቅሞ ይዞት ይወርዳል።

ይህን ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በጨለማ መጽሐፍ ያነበብንበት ጧፍ የጥጥ ክር ሰም ለብሶ አይደለምን? ክሩ ብቻውን ሳለ ውኃ ይጠጣ ነበር፤ ሰም ከለበሰ በኋላ ግን ውኃ ቢያፈሱበት ያንጠባጥባል እንጂ አይርስም። ክሩ ያው ክር ነው፤ ጠባዩን የለወጠው ልብሱ ነው። ቅኔ ቤት የዋልን ሰዎች ከሰሙ በታች ወርቁን ፈልጉ ተብለን ተምረናል፤ በዚህ ነገር ግን ወርቁ ያለው ከሰሙ ራሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ውኃ ራሱን በራሱ አጥብቆ የሚስብ ነገር ነው፤ ሰም ሲያገኝ ወደ ሰሙ ከመዘርጋት ይልቅ ወደ ራሱ ይሰበሰባል። ዘይት ግን ራሱን የሚስብበት ኃይል ደካማ ነውና በሰም ላይ ወዲያው ይዘረጋል። ስለዚህ ውኃን የሚጠላ ልብስ ብዙ ጊዜ ዘይትን የሚወድ ይሆናል። በ2004 ሌይ ጂያንግ የተባሉት የቻይና ሊቅና ባልደረቦቻቸው ይህን ጠባይ በሥራ አዋሉት። የብረት ሽቦ ወንፊት ወስደው፣ በመጥበሻ ላይ የሚቀባውን ቴፍሎን የተባለ ነገር ሸካራ አድርገው ቀቡት። ናፍጣ ሲያፈሱበት ወዲያው ወርዶ ዐለፈ፤ ውኃ ሲያፈሱበት ግን ጠብታው ከላይ ተንከባሎ ቀረ። ወንፊቱ ቀዳዳ ሞልቶት ሳለ ውኃውን መለሰው። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሥራ በጥጥ ጨርቅ፣ በሱፍና በሌላም ጨርቅ ላይ በየአገሩ ተሞከረ።

ቦን ያሉት ሊቃውንትም ሳልቪንያ ወደ ተባለ ተክል ዞሩ። ይህ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ትንሽ ተክል በብዙ አገር አረም ሆኖ ሐይቅ የሚያስጨንቅ ነው። ነገር ግን በቅጠሉ ላይ ጥቃቅን ጠጉሮች አሉት፤ በውኃ ውስጥ ቢያጠልቁት እንኳ በጠጉሮቹ መካከል አየር ይዞ ሳይርስ ይወጣል። ዘይት ያለበት ውኃ ሲያገኝ ግን ዘይቱን ብቻ በጠጉሮቹ መካከል ይስበዋል። ሊቃውንቱ በዚህ አምሳል የተሠራ ጨርቅ ፈለጉና በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ ሥራውን አስረዱ። ጨርቁ አንዱ ጫፉ ዘይት ከተንሳፈፈበት ውኃ ላይ ይደረጋል፤ ሌላው ጫፉ በዕቃው ከንፈር ላይ ታጥፎ ወደ ውጭ ይንጠለጠላል። ዘይቱ የኩራዝ ክር ጋዝ ወደ ላይ እንደሚስብ በጨርቁ ተስቦ ይወጣና በውጭ ባለው ዕቃ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ ውኃው በቦታው ይቀራል። ለዚህም ሞተር ወይም ኤሌክትሪክ አያስፈልግም፤ መርዝ ያለበት ሳሙናም በውኃው ላይ አይጨመርም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። በ1967 ቶሪ ካንየን የተባለው መርከብ በእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ተሰብሮ ድፍድፍ ነዳጅ ባፈሰሰ ጊዜ፣ ዘይቱን ለመበተን የተረጨው መድኃኒት በባሕሩ ዳርቻ ለነበሩት ፍጥረታት ከዘይቱ ይልቅ የከፋ ሆነ። በ2010 ደግሞ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የዘይት ጉድጓድ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ጉድጓዱም እስኪዘጋ 87 ቀን ፈሰሰ። ሊቃውንቱን ወደዚህ ምርመራ የሚያተጋቸው እንዲህ ያለው ጥፋት ነው።

ውኃን የሚጠላው ጨርቅ ግን አንድ ጉድለት አለው። ዘይት ስለሚወድ ከጊዜ በኋላ ቀዳዳው በዘይት እድፍ ይደፈናል። ደግሞም ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ይሆንና ዘይቱ ወደ ጨርቁ እንዳይደርስ ይከለክለዋል። ለዚህ መፍትሔው የተገኘው ከዓሣ ነው። ዓሣ ዘይት በተበከለ ውኃ ውስጥ ሲዋኝ ቅርፊቱ በቀላሉ ዘይት አይዝም። በ2009 የወጣው የቻይናውያን ሊቃውንት ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ቅርፊቱ ውኃን የሚወድና ሸካራ ስለ ሆነ በላዩ ስስ የውኃ ልብስ ይዞ ይኖራል፤ ዘይቱ የሚያገኘው ቅርፊቱን ሳይሆን ያን ውኃ ነው። በ2011 ይህን አምሳል አድርገው ወንፊትን ሃይድሮጄል በተባለ ነገር አለበሱት። ሃይድሮጄል ማለት የተዘፈዘፈ ተልባ እንደሚያወጣው ዝልግልግ ነገር ውኃ ጠጥቶ የሚይዝ ነው። በዚህ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ፤ ውኃው ዐልፎ ወረደ፤ ዘይቱ ከላይ ቀረ። ስለዚህ አንዱ ልብስ ዘይትን፣ ሌላው ልብስ ውኃን ያሳልፋል፤ የቱ እንደሚሻል የሚያስታውቀው በፊታችን ያለው ውኃ ነው።

ሦስተኛው መምህር ከባሕር ድንጋይ ጋራ የሚጣበቅ ሙሰል የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ ነው። ማዕበል ቢመታው አይለቅም፤ ሙጫውም በውኃ ውስጥ የሚይዝ ነው። በ2007 በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የዚህን ሙጫ ጠባይ ተከትለው ዶፓሚን የተባለ ነገር በውኃ ውስጥ ቢያሟሙና ማንኛውንም ዕቃ ቢነክሩበት፣ ስስ ጥቁር ቡናማ ልብስ እንደሚያለብሰው አስረዱ። ቴፍሎን እንኳ ሳይቀር ይለብሰዋል። በዚህ ሙጫ ላይ ሌላ የሚፈለገውን ልብስ መደረብ ይቻላል፤ ሙጫው ራሱም እንደ እርሳስና እንደ መዳብ ያለውን በውኃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን ይይዛል። ይህም ወንፊት ፈጽሞ ሊይዘው የማይችለው ነገር ነው፤ በውኃ ውስጥ የሟሟ ነገር ቀዳዳ አያግደውምና።

በነጠላው ያለፈውን የበሽታ ዘርስ የሚይዝ ልብስ አለን? ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ ከሽፈራው ዛፍ የተገኘ ነው። በኮንሶ ሕዝቡ ቅጠሉን የሚመገበው ሽፈራው ዘመድ የሆነው ሌላው የሽፈራው ዓይነት፣ ፍሬው ተወቅጦ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ሲጨመር ጭቃውን ወደ ታች ያዘቅጠዋል፤ የሱዳን ሴቶች የዓባይን ውኃ በዚህ ሲያጠሩ ኖረዋል። በፍሬው ውስጥ ያለው ነገር ጭቃውንና የበሽታውን ዘር ወደ ራሱ ይስባል። ነገር ግን የፍሬው ትራፊ በውኃው ውስጥ ስለሚቀር ውኃው ሲያድር ይበላሻል። ስለዚህ በ2012 በአሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ሊቃውንት ፍሬውን በአሸዋ ላይ አልብሰው ትራፊውን አጥበው ጣሉት፤ የለበሰው አሸዋም ጭቃውንና የበሽታውን ዘር መያዙን አሳዩ። ይህ ጨርቅ ሳይሆን አሸዋ ነው፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ ቀዳዳው ያሳለፈውን ልብሱ ይይዘዋል።

እንግዲህ መልካሙን ሁሉ ከነገርኋችሁ በኋላ፣ እንዳትታለሉ ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ልንገራችሁ።

አንደኛ፤ ዘይትን የሚለይ ጨርቅ የበሽታን ዘር አይገድልም። ዘይቱ የወጣለት ውኃ ዛሬም ሊገድል ይችላል። የሚጠጣ ውኃ ተጠልሎ ከዚያ በኋላ መፍላት አለበት፤ ከ2000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ወይም በጤና ሠራተኛ ትእዛዝ የክሎሪን መድኃኒት ይጨመርበት። ማጠለሉም ከንቱ አይደለም፤ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ክሎሪን ኃይሉ ይደክማልና አስቀድሞ ማጥራት ይረዳዋል። ዘይት የገባበትን ውኃ ግን ማፍላትም ክሎሪንም አያድነውም፤ ከመጠጣት መከልከል ነው።

ሁለተኛ፤ ከእነዚህ ጨርቆች ብዙዎቹ ከቤተ ሙከራ ወጥተው ገና ወደ ገበያ አልደረሱም። ልብሱ በመታሸትና በመታጠብ ይላጫል፤ ሳሙና ያለበት ውኃም ሲያገኘው ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ነጋዴ መጥቶ «ይህ ጨርቅ ማንኛውንም ውኃ ነጻ ያወጣል» ቢላችሁ፣ «የትኛውን እድፍ?» ብላችሁ ጠይቁት። ለሁሉ እድፍ የሚሆን አንድ ጨርቅ የለም።

ሦስተኛ፤ ልብሱ ራሱ መርዝ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ውኃን ለመከላከል ከተሠሩት ልብሶች አንዳንዶቹ ፍሎሪን ካለባቸው ነገሮች የተሠሩ ናቸው፤ ከእነዚህም በአፈርና በውኃ ውስጥ ሳይበሰብሱ እጅግ ብዙ ዘመን የሚኖሩ አሉ። ቀድሞ ቴፍሎን ሲሠራ ይገባ የነበረው ፒፎአ የተባለ ነገር በ2019 በስቶክሆልም ስምምነት ከሚወገዱት መርዞች ጋራ ተቈጠረ። ውኃን ለማጥራት ተብሎ ውኃን መመረዝ ሞኝነት ስለ ሆነ፣ ዛሬ ብዙ ሊቃውንት ወደ ሰምና ወደ ሌላም ከተክል ወደሚገኝ ነገር ተመልሰዋል።

አራተኛ፤ ዘይቱ ከውኃው ወጣ ማለት ከዓለም ጠፋ ማለት አይደለም። ከጨርቁ ተጨምቆ የወጣው ዘይት ተመልሶ በጓሮ ቢደፋ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

መምህራን ሆይ፤ ይህን ትምህርት ለልጆች በቃል ብቻ አትንገሯቸው፤ በዓይናቸው ያዩት ዘንድ በእያንዳንዱ መንደር በሚገኝ ዕቃ አሳዩአቸው። በመጀመሪያ የጎመን ቅጠል አምጥታችሁ ንጹሕ ውኃ አንጠብጥቡበት፤ ጠብታው ይንከባለላል። ቀጥሎ ሳሙና የተሟሟበት ውኃ አንጠብጥቡበት፤ ይዘረጋል። ልጆቹ ሳሙና የቅጠሉን ጥበብ እንዴት እንደሚያፈርሰው ያያሉ። ሁለተኛ፣ ከእርሻ የመጣ ያልታጠበ ባዘቶና ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ነጭ ጥጥ በውኃ ላይ ጣሉ። ባዘቶው ይንሳፈፋል፤ የመድኃኒት ቤቱ ጥጥ ውኃ ጠጥቶ ይሰጥማል። ሁለቱም ጥጥ ናቸው፤ ነገር ግን ጥጥ ከተክሉ ሲመጣ በተፈጥሮው ስስ ሰም ለብሷል፤ የመድኃኒት ቤቱ ጥጥ ሰሙ ታጥቦ ወጥቶለታል። ሦስተኛ፣ አንድ ማንኪያ የኑግ ዘይት በውኃ ላይ አፍስሳችሁ ባዘቶውን አስቀምጡበት። ዘይቱን ሲለቅም ታያላችሁ። በአሜሪካ የቴክሳስ ሊቃውንት በ2013 ባወጡት ጽሑፍ፣ ያልታጠበ ጥጥ ከክብደቱ ከ30 እጥፍ በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ሊይዝ እንደሚችል አሳይተዋል። እንግዲህ ሊቃውንት በብዙ ድካም የሚሠሩትን ልብስ የአገራችን ጥጥ በመጠኑ ከተፈጥሮው ይዞት ይመጣል።

በመጨረሻም የደፈረሰ ውኃ በታጠፈ ነጠላ አጥልላችሁ ጠርቶ የታየውን በብርጭቆ አቅርቡና፣ «ይህ ውኃ ነጻ ነውን?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ማንም እንዳይጠጣው ተጠንቀቁ። ልጆቹ «አዎን» ቢሉ እንዳትቈጧቸው፤ እኔም በዕድሜያቸው ሳለሁ እንዲሁ ብያለሁና። ነጠላው ምን እንደ ያዘና ምን እንዳሳለፈ አንድ በአንድ እንዲቈጥሩ አድርጉ። ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም።

እናንተም ሽማግሌዎች ሆይ፤ ውኃው ከተበላሸ በኋላ የሚያጠራ ጨርቅ ከመፈለግ አስቀድሞ እንዳይበላሽ መጠበቅ ይቀላል። የአቃቂ ወንዝ ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት በሚወርድበት እድፍ መበከሉን ብዙ መርማሪዎች ጽፈዋል፤ እንዲህ በልዩ ልዩ መርዝ የተደባለቀውን ውኃ አንድ ዓይነት ጨርቅ ሊያጠራው አይችልም። የገጠሩ ምንጭ ግን ገና በእጃችሁ ነው። ከምንጭ በላይ ወፍጮ እንዳይተከል፣ የተቃጠለ ዘይት በበርሜል ተጠራቅሞ እንዲወሰድ፣ ከብትም ከሰው መቅጃ ተለይቶ እንዲጠጣ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ብትወስኑ፣ የእናንተ ቃል ከእኔ ደብዳቤ ይልቅ ይሰማል። ከላይ የነገርኋችሁ ወፍጮም ቢሆን በሦስቱ ደብዳቤዎቼ አልተነሣም፤ የተነሣው የቀበሌው ሽማግሌዎች ባለ ወፍጮውን ጠርተው የራሱ ልጆች ከየትኛው ምንጭ እንደሚጠጡ በጠየቁት ቀን ነው።

ወዳጆቼ፤ የኔታ «ሳታጠልሉ እንዳትጠጡ» ያሉን ምክር እውነት ነበር፤ ያልተፈጸመ እውነት እንጂ ሐሰት አልነበረም። እናንተ ፈጽሙት። ለልጆቻችሁ «አጥልሉ፤ ከዚያም አፍሉ፤ የጠራውን ሁሉ ነጻ ነው አትበሉ» በሏቸው። ይህን በልጅነቴ የነገረኝ ቢኖር፣ ያ ባለ ቅኔ ጓደኛዬ ዛሬ እንደ እኔ ጠጉሩ ሸብቶ ከእናንተ ጋራ ተቀምጦ ይሰማኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።